ጠቋሪው ቀለም

አያቴ ቀለም ሲገዙ ያየ ሰው በሬ የሚገዙ ይመስለው ነበር። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ያዩታል፣ ቀስ አድርገው ያዘነብሉታል፣ ክዳኑን ከፍተው ያሸቱታል፣ ዝቃጭ እንዳለው ለማወቅም ከታች በጥፍራቸው መታ መታ ያደርጉታል። የጽሕፈት ዕቃ ሻጩ ጠረጴዛው ላይ በክርኑ ተደግፎ ይጠብቃቸዋል።

«ጋሼ፣ ጥርሱንም ይዩለት እንጂ፤ ዕድሜው ይታወቅ» ይላቸዋል።

«አንተ ዝም ብለህ ውኃ አምጣ።»

ውኃውን ያመጣል፤ ለምዶታል። አያቴ ከኮታቸው ኪስ ቁራጭ ወረቀት አውጥተው፣ ብዕራቸውን ነክረው አንድ መስመር ይጽፋሉ። ሁልጊዜ ያው መስመር ነው፤ «ይህ መስመር ከጻፈው ሰው በላይ ይኖራል» የሚል። እፍ፣ እፍ ይሉበታል። ከዚያ ጣታቸውን ውኃ ነክረው ያሹታል። ከለቀቀ ብልቃጡን ወደ ሻጩ ይገፉታል። ካልለቀቀ ይገዙታል፤ ቢሆንም ወዲያው አያምኑትም። ወረቀቱን ለሁለት ቀደው ግማሹን መጽሐፍ ውስጥ ይከቱታል፣ ግማሹን ቤት ወስደው ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ያስቀምጡታል። በሳምንቱ ሁለቱን ግማሾች ገጥመው ያያሉ። ሰማያዊ የነበረው ጽሑፍ በሁለቱም ላይ ጠቁሮ ሲያገኙት ብቻ ብልቃጡ ሥራ ይገባል።

ብልቃጡ ላይ የተጻፈው «ሰማያዊ ጥቁር» ነው። ሲጽፉበት ሰማያዊ ነው፤ ውሎ ሲያድር ይጠቁራል፤ ከጠቆረ በኋላ ውኃም ሳሙናም አያስለቅቀውም። እኛ ቤት ስሙ «ጠቋሪው» ነበር። ለረቂቅና ለእኔ መለማመጃ የሚሆነው ተራው ሰማያዊ ደግሞ «ታጣቢው» ይባላል።

አያቴ መዝገብ ጸሐፊ ነበሩ። የተወለደ፣ ያገባ፣ የሞተ ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ ትልቁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የመሥሪያ ቤቱን ቀለም «ውኃ ነው» ብለው ስለሚንቁት የራሳቸውን ከቤት ይዘው ይሄዳሉ። ጸሐፊ ሲሳሳት በገጹ ዳር «ስሕተት» ብሎ፣ የማን ስሕተት እንደሆነም ጽፎ መፈረም አለበት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ጻፍኩ» ይሉ ነበር ሻያቸውን እየጠጡ። «ስሕተት የምትል ቃል በመዝገቤ ውስጥ አንድ ቦታ የለችም። ፈልጋችሁ አምጡ!»

«ማን ሊፈልግ ነው አባባ?» ትላቸዋለች አክስቴ። «መዝገቡን የሚያነሣው ጉልበተኛ ከየት ይመጣል?»

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሦስት ነን፤ አያቴ፣ እኔና አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት። እናቴን አላስታውሳትም፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሞታለች። አባቴ ከዚያም ቀድሞ የሄደ ሰው ነው፤ የት እንደሄደ እኛ ቤት አይነሣም። ስለዚህ እኔ ያለችኝ አክስቴ ናት። «እታለም» እላታለሁ። ልብስ ሰፊ ቤት ትሠራ ስለነበር ደረቷ ላይ መርፌ እንደ ሰካች ነው የምትመጣው። ሮጬ ላቅፋት ስል በሁለት እጇ ታቆመኝና «ቆይ፣ ቆይ፣ ጦሬን ላውርድ» ትለኛለች። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ስትጨርስ ነው እቅፏ የሚከፈተው። እኔ መርፌ ሲነቀል ማየት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን አያቴን ለምን ሁለት ቀለም እንደሚይዙ ጠየቅኋቸው።

«በታጣቢው የተጻፈ ነገር ሐሳብ ነው» አሉኝ። «ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። በጠቋሪው የተጻፈ ግን አበቃለት። እኔ ራሴ የጻፍኩትን እኔ ራሴ ልመልሰው ብል አይመለስም።»

ለሌላ ሰው ስለ ቀለም የተነገረ ነገር ነው። እኔ ግን ስለ ዓለም የተነገረ አድርጌ ያዝኩት።

በዚያ ዓመት ሰዓት ሠሪው ቤታችን መምጣት ጀመረ። ረጅም፣ ድምፀ ቀጭን ሰው ነው። አንድ ዓይኑ ላይ የሚሰካት ማጉያ መነጽር በክር ታስራ አንገቱ ላይ ትንጠለጠላለች። መጀመሪያ የአያቴን የግድግዳ ሰዓት ሊያይ መጣ። ሰዓቱ ከተሠራ በኋላም መምጣቱን አልተወም። ሦስተኛ ይሁን አራተኛ ጊዜ ሲመጣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካና አገጬን ይዞ ቀና አደረገኝ።

«እስቲ ይህን ደግሞ እንየው። እህ... ዝገት የለበትም። ትንሽ አቧራ ነው። ይሠራል።»

እታለም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ይህ ሰው አንድን ነገር እንዲህ አተኩሮ የሚያየው ሊፈታው ሲል እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ በመጣ ቁጥር ጠረጴዛው ሥር እገባለሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ እዚያው ሥር ሆኜ የሦስቱን ጫማ አያለሁ። ዝናቡ ሲበረታ ንግግራቸው ይጠፋል፤ ሲያባራ ይመለሳል።

«...የልጁ ነገር ሳያልቅ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም» አለች እታለም።

«ማን ንቅንቅ በይ አለሽ?» አለ ሰዓት ሠሪው። «እኔም እኮ በወረቀት ይለቅ ነው የምለው። በአፍ የተባለውን ነፋስ ይወስደዋል።»

ዝናቡ መጣ። ሲያባራ የሚናገሩት አያቴ ነበሩ።

«...ሐሙስ ይጻፋል። አለቃዬን አስፈቅጃለሁ። ሁለታችሁም ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ። ከተፈረመ በኋላ ግን፣ አንተ ሰውዬ፣ ወደ ኋላ የለም።»

«ጋሼ፣ ሰዓት ሠሪ ነኝ እኮ። ወደ ኋላ የሚዞር ነገር ሲያመጡልኝ አስተካክላለሁ እንጂ ራሴ አልዞርም።»

ሳቁ። የእታለም ጫማ ወደ ሰውዬው ጫማ ትንሽ ጠጋ አለ።

ዛሬ እነዚህን ቃላት ስደግማቸው ሕፃን ልጅ እንኳ ይገባዋል እላለሁ። ሕፃኑ ግን እኔ ነበርኩ፤ አልገባኝም። በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ፣ የእኔ ነገር ያልቃል። ሁለት፣ እታለም ከዚህ ቤት ትነቃነቃለች። ሦስት፣ ሐሙስ። የእኔ ነገር ካለቀ በኋላ እኔ ምን እንደምሆን ለመቁጠር አራተኛ ጣት አወጣሁና ምንም ስላልመጣልኝ መልሼ አጠፍኳት።

መጠየቅ እችል ነበር። የምጠይቃት ግን እታለምን ነው። «አዎ» ብትለኝስ?

ረቡዕ ከምሳ በኋላ እታለም ሥራ ነበረች። አያቴ ጋዜጣ ፊታቸው ላይ ጥለው ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል፤ ጋዜጣው ከእስትንፋሳቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለቱ ብልቃጦች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው የተለጠፈባቸው ወረቀት ብቻ ነው። የሻይ ብርጭቆ አመጣሁ። ጠቋሪውን ብርጭቆው ውስጥ ገለበጥኩት። ታጣቢውን በጠቋሪው ብልቃጥ ቀዳሁ። ከዚያ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን በታጣቢው ብልቃጥ ቀዳሁት። የሚፈሰውን ልይዝ ስል የቀኝ አመልካች ጣቴ እስከ አንጓው ድረስ ቀለም ውስጥ ገባ።

ብርጭቆውን አምስት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት። ጣቴንም አጠብኩት፤ ሰማያዊነቱ ፈዘዘ እንጂ አልሄደም።

«ይህ ብርጭቆ ምን ነክቶታል?» አለች እታለም ማታ ላይ ወደ አምፖሉ አንሥታ እያየችው። «ሰማይ ተቀድቶበታል እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። ማንም አንተ ነህ አላለኝም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጫማዬን አስጠርገው እኔንም ይዘውኝ ሲወጡ ግራ ገባኝ። እታለምን ለሚወስድ ወረቀት እኔ ለምን እፈለጋለሁ? መዝገብ ቤቱ ረጅም ክፍል ነው፤ የአሮጌ ወረቀትና የሙጫ ሽታ አለው። አያቴ ከረጅሙ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠዋል። ቤት የማውቃቸው አያቴ አይመስሉም። መዝገቡን ከፈቱ፣ ያንን ብልቃጥ ከፈቱ፣ ብዕራቸውን ሞሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ስም?» አሉኝ።

ስሜን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ዞር ብዬ ከኋላዬ ሌላ ሰው መኖሩን አየሁ።

«አንተን እኮ ነው። ስም?»

ተናገርኩ። ጻፉ።

«ዕድሜ?»

«ሰባት።»

«ከማን ጋር ነው የምትኖረው?»

«አባባ፣ ረሱት እንዴ?»

ሰዓት ሠሪው ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አነቀው። አያቴ ግን ፊታቸው አልተፈታም። «በመዝገብ ፊት ማንም ማንንም አያውቅም» አሉና መጻፋቸውን ቀጠሉ። እኔም እሳቸው እታለምን ከሚወስዷት ሰዎች ጋር መሆናቸው ያን ጊዜ ቁርጥ ሆኖ ታየኝ።

ግማሽ ገጽ ላይ ብዕሩን አንሥተው ጫፉን አዩት። «ዛሬ ቀለሙ ቀጠነብኝ» አሉ ለራሳቸው። ዓይኔ ወደ ብልቃጡ ሄደ። ግን ሰማያዊ ነው፤ ጠቋሪውም ሲጻፍ ሰማያዊ ነው። ቀጠሉ።

ሰዓት ሠሪው ፈረመ። ቀጥሎ እታለም ብዕሩን ያዘች፤ ስሟን እየጻፈች ሳለ እንባዋ መጣ። ባትፈልግ ነው የምታለቅሰው፣ አልኩ በልቤ፤ አይዞሽ፣ ታጣቢው ነው። አጎንብሳለች። እንባው ጉንጯ ላይ ወርዶ አገጯ ጫፍ ላይ ቆመ። ከሥሩ የደረቀ የአያቴ ጽሑፍ አለ። አንድ ጠብታ ብትወድቅ ሁሉም ነገር ይታያል።

ሰዓት ሠሪው መሐረብ አውጥቶ ሲቸኩል አያቴ በእጃቸው ከለከሉት።

«ተዋት፣ ታልቅስ» አሉ። «ይህ ቀለም እንባ አይፈራም።»

እታለም በእጇ ጀርባ አገጯን ጠረገች።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ምንም አልሆነም። እታለም እንደ ወትሮው ሄዳ ትመጣለች፣ መርፌዋን ትነቅላለች፣ ታቅፈኛለች። ሠራ፣ አልኩ። ጣቴ ግን ቀን በቀን እየከፋ ሄደ። ሐሙስ ሰማያዊ ነበር፣ ዓርብ እንደ ዝናብ ደመና ሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት የጠቆረ ሙዝ መሰለ። ኪሴ ውስጥ እየከተትኩት ዋልኩ።

ቅዳሜ የጽሕፈት ቀኔ ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሰሌዳ አለኝ፤ በታጣቢው እጽፍበታለሁ፣ አያቴ ያርሙኛል፣ በእርጥብ ጨርቅ አጥፍቼ እደግማለሁ። ይህንን ረስቼው ነበር። ቀለሞቹን ስለዋውጥ ያሰብኩት ስለ መዝገቡ ብቻ ነው፤ ሰሌዳዬ ትዝ አላለኝም።

«ዛሬ ስምህን ትጽፋለህ» አሉኝ አያቴ። «ከሱ ቀጥለህ የሰዓት ሠሪውን ስም።»

«የሱን ለምን?»

«ከሐሙስ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጻፈው።»

ይህን ስሰማ የባሰ ተምታታብኝ። እታለምን መውሰዱ አልበቃ ብሎት ስሜ አጠገብም ሊቀመጥ ነው? ብዕሩን የታጣቢው ወረቀት የተለጠፈበት ብልቃጥ ውስጥ ነከርኩት። ውስጡ ያለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ምናልባት እንጨት ላይ አይሠራ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ስሜን ጻፍኩ። የሰውዬውን ስም ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ።

«ፊደሎችህ ምነው ተቃቀፉ?» አሉ አያቴ። «አጥፋና ድገመው።»

በጨርቁ ጠረግኩት። አልጠፋም። አሸሁት። ውኃው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ፤ ስሜ እንዳለ ነው። አያቴ ጨርቁን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ሞከሩት። ቆሙ። ከዚያ ፈጥኜ ኪሴ የመለስኩትን እጄን አውጥተው ጣቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት፤ ልክ ብልቃጥ እንደሚያዩት አድርገው አዩት።

የጠቋሪው ወረቀት የተለጠፈበትን ብልቃጥ ከፍተው አሸተቱት። ቁራጭ ወረቀት አውጥተው ያንኑ መስመራቸውን ጻፉበት፣ እፍ አሉበት፣ በእርጥብ ጣት ነኩት። መስመሩ በአንድ ጊዜ ወደ ውኃነት ተለወጠ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሲቀመጡ ያጠሩ መሰለኝ።

«ሰውዬውን አልወደድከውም?» አሉኝ።

«አልወደድኩትም።»

«እታለምንስ?»

«እወዳታለሁ» አልኩ፤ ልቅሶው ከቃሉ ጋር አብሮ ወጣ።

«እንግዲህ የኔ ጌታ፣» አሉ ራሴን እየዳበሱ፣ «አሁን ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። አንዱን ይዞ አንዱን መተው አይሆንም።»

እሳቸው አባት አልፈልግም ያልኩ መስሏቸዋል። ለእኔ ደግሞ እታለም ከሰውየው ጋር መሄዷን የሚያረዱኝ መሰለኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ እኔ ጉልበታቸው ላይ እያለቀስኩ፣ ሁለታችንም ስለ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው። ይህን ያወቅኩት ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ነው።

ሰኞ ማታ እታለም እየሳቀች ገባች።

«አባባ ደግሞ! ከሥራ አስጠርተው እንደገና አስፈረሙን እኮ። ቀለሙ አልያዘም ይላሉ። እሳቸውን ቀለም ሲያታልላቸው ሰምተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

አያቴ ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ እያራሱ ነበር። ዳቧቸው ተቆርሶ ብርጭቆው ውስጥ ሲሰምጥ አላዩትም።

በሁለተኛው ሳምንት እታለም ዕቃዋን በሣጥን መክተት ጀመረች። በሩ ሥር ቆሜ አየኋት። ቀሚሶቿን አጠፈች፣ መቀሷን በጨርቅ ጠቀለለች። አለቀ፣ አልኩ። ከዚያ የእኔን ሹራብ አነሣች። አጥፋ ከቀሚሷ አጠገብ አስቀመጠችው። ሱሪዬን አነሣች።

«እሱ የኔ ነው» አልኳት፤ የተሳሳተች መስሎኝ።

«የማን ሊሆን ነበር? ካልሲህ የት ነው? አንዱ ብቻ ነው ያለው።»

ሁለት መንገድ ተሻግረን ከሰዓት ሠሪው ሱቅ ጀርባ ያለው ቤት ገባን። አያቴ እሑድ እሑድ ይመጡ ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት በሠላሳ ሰዓቶች ቲክታክ ተከብቤ ነገሩን አሰብኩበት። እታለም ሄዳለች፤ ስለዚህ ቀለሙ አልሠራም። እኔንም ይዛ ሄዳለች፤ ስለዚህ ሠርቷል። አያቴ ደርሰውበት ግማሹን ብቻ አድሰውት መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቀለሙ ግማሽ ሠርቷል ብዬ ደመደምኩ። በዚህ መደምደሚያ ለዓመታት ኖርኩ። ልጅ ሲያድግ እንዲህ ያለውን ነገር ቁጭ ብሎ አያፈርሰውም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል።

አያቴ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ጻፍኩ» የሚሉትን ፉከራም ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም። አርጅተው የረሱት መስሎኝ ነበር።

አሁን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከአባቴ ጋር እሱ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። አባቴ የምለው ሰዓት ሠሪውን ነው፤ እሱን ለመውደድ የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ክረምት ነው። ያ ሰሌዳ ከሥራ ጠረጴዛችን በላይ ተንጠልጥሏል፤ ስሜ ብቻውን ቆሞበታል፤ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። አያቴ ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ባለፈው ወር ለመታወቂያ ማሳደሻ የመዝገብ ግልባጭ አምጣ ተባልኩ። መዝገብ ቤቱ ያው ነው፤ ሙጫው እንኳ ያው ይሸታል። ጠረጴዛው ማዶ ያለችው ጸሐፊ በዕድሜ ከኔ የማትበልጥ ልጅ ናት። መዝገቡን በሁለት እጇ አቅፋ አመጣችና ገጹን ገልጣ ወደ እኔ አዞረችው።

ከላይ የመጀመሪያው ጽሑፍ አለ። በጣም ፈዝዟል፤ ዝናብ የመታው ሰማያዊ ክር ይመስላል። ከሥሩ ያው ቃል በቃል እንደገና ተጽፏል፤ ጥቁር ነው። የእናቱ እህት የሆነችው እገሊትና ቀደም ሲል በዚሁ መዝገብ ያገባችው ባለቤቷ እገሌ ይህን ልጅ ልጃችን ብለው ተቀብለዋል፤ በስማቸው ይጠራል፤ በቤታቸው ይኖራል። ሁለት ጊዜ ተጽፏል። እታለም ሁለት ጊዜ ፈርማለች። እኔ ላጥፋው የታገልኩት ይህን ነበር።

በገጹ ዳር፣ በዚያ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦ «ስሕተት። ከላይ ያለው በማይጸና ቀለም ስለተጻፈ በድጋሚ ተጽፎ ተፈርሟል። ስሕተቱ የጸሐፊው ነው።» ከሥሩ የአያቴ ፊርማ አለ።

ገጹ ላይ ከዚያ ቃል የጠቆረ የለም።

«ይገርማል» አለች ጸሐፊዋ። «የሳቸው መዝገብ በሙሉ ንጹሕ ነው፤ ለአዲስ ገቢዎች እያሳየን ነው የምናስተምርበት። ይህ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ምን ነክቷቸው ይሆን?»

ሳላስበው የቀኝ አመልካች ጣቴ ገጹ ላይ፣ የእታለም ስም ላይ አርፎ ነበር።

«እባክዎ አይንኩት» አለችኝ። «አሮጌ ነው፤ ቀለሙ ይለቃል።»

«የላይኛው ይለቃል» አልኳት። «የታችኛው አይለቅም።»